ከፎቅ ወደ ምድር ቤት

ሀጅ «አንቺ ምረጪ» ሲሉኝ ምራቄ ደረቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ተከበርኩ ብሎ ደረቱን ይነፋ ነበር። እኔ ግን በዚያ ቢሮ የመረጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። ነገሩ ከተሳካ ምርጫው የሀጅ ይሆናል፤ ከከሸፈ የመራጩ ነው።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ካርቱም ውስጥ አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ስሠራ ነው። ባለቤቱ ሀጅ ነበሩ፤ እኔ የድርጅቱን ሶፍትዌሮች አስተዳድራለሁ። ዴም በሚባለው፣ ሐበሻ በሚበዛበት የካርቱም ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ነኝ፤ በወረቀት ግን የውጭ አገር ሰው ነኝ። የምኖረው በኢቃማ ነው፤ በመኖሪያ ፈቃድ። ኢቃማ ደግሞ «ይህች ሰው በእኔ ኃላፊነት አለች» ብሎ የሚፈርም ከፊል የሚሉት ዋስ ይፈልጋል። የእኔ ከፊል ሀጅ ናቸው። የእናቴም እሳቸው ናቸው። እናቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጆቻቸውን አሳድጋለች። እኔንም ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ሀጅ አንድ ቀን ቢቆጡ በአንድ ብዕር ሁለታችንም እንጠፋለን።

መጥፋት ስል እያጋነንኩ አይደለም። ዴም ያደገ ሁሉ ከሻን፣ አፈሳውን፣ ያውቃል። ፖሊስ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘጋና ሐበሻ የመሰለውን ሁሉ ወረቀት እየጠየቀ የጭነት መኪና ላይ ያወጣል። ተማሪ ሳለሁ ኢቃማዬ ለእድሳት ገብቶ ሳለ ያዙኝ። መኪናው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር እግሬ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ደግሞ በንጹሕ ዐረብኛ የዚህ አገር ልጅ መሆኔን ለማስረዳት እለፈልፋለሁ። ማንም አልሰማኝም። ሀጅ ስልክ ደወሉና ወረድኩ። ነፍሰ ጡሯ አልወረደችም። ከዚያ ወዲህ የሀጅን ፊት የማየው ሰው የሰማይ ደመና እንደሚያየው ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ድርጅታችን ሁለት ዋና ሶፍትዌሮች ነበሩት። አንደኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ትእዛዝ የሚመዘገብበትና ሒሳብ የሚሠራበት፣ ከትልቅ የውጭ ኩባንያ የተገዛ። ሁለተኛው ምድር ቤት ያለው የቀዝቃዛ መጋዘኑ ነው፤ ድሮ አንድ የአገሩ ልጅ የሠራው፣ መልኩ የማያምር ግን የማይሰንፍ። ሁለቱ አይነጋገሩም። ፎቅ ላይ የተመዘገበውን ትእዛዝ ምድር ቤት ያለው ሰው እንደገና በእጁ ያስገባዋል፤ በመካከሉ ኢንሱሊኑ ክትባት፣ ክትባቱ ኢንሱሊን ሆኖ ይወጣል። ሀጅ በዚህ ተንገፈገፉና ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛ ሶፍትዌር፣ መድረክ የሚሉት፣ ይገዛ አሉ።

ለመግዛት የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛውን የሚሸጠው ያው የፎቁን ሶፍትዌር የሸጠልን ኩባንያ ነው። ወኪሉ ከዱባይ መጣ፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። «የራሳችን ስለሆነ ከራሳችን ጋር ያለ ጣጣ ይገጥማል። አንድ ውል፣ አንድ ስልክ፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለ። እውነቱን ነው፤ ጠዋት ተክሎት ከሰዓት በኋላ ሠራ። ሁለተኛው ከማንም ጋር ያልወገነ፣ ሥራው ማገናኘት ብቻ የሆነ ኩባንያ ያዘጋጀው ነው። ከየትኛውም ሶፍትዌር ጋር ይነጋገራል፣ እዚያው ሕንፃችን ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ግን እያንዳንዱን መስመር አንድ ሰው ተቀምጦ መገጣጠም አለበት። ሲያመው የሚያስታምመው ሰውም ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ፍርሃቴን ተመልከቱ። የወኪሉ ከተበላሸ ዱባይ ይደወላል፣ ሀጅ ዱባይ ላይ ይጮሃሉ፣ እኔ አንገቴን ነቅንቄ አብሬ አዝናለሁ። ያኛው ከተበላሸ የሚደወልበት ስልክ የእኔ ነው። አእምሮ ያለው ፈሪ የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። እኔም ልቤ ወደ ወኪሉ አዘንብሎ ነበር፤ ሁለቱን እያፈራረቅን እንሞክራለን የተባለውም ለይስሙላ ይመስለኝ ነበር።

የወኪሉ ተራ የደረሰው በሰኔ፣ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ወቅት ነው። ፈተና ሲኖር መንግሥት መልስ እንዳይሾልክ ብሎ ጠዋት ጠዋት የአገሩን ኢንተርኔት ይዘጋል። ካርቱም ለዚህም መላ ነበራት። በደህናው ቀን እንኳ ሰው ቁም ነገር የሚጀምረው ረፋዱ ላይ ከሚበላው ከፈጡር በኋላ ነው። በፈተና ሰሞን ደግሞ ፈጡሩ ይለጠጣል። መላው ቢሮ ጓሮ ወርዶ አንድ ሰፊ ትሪ ፉል ይከብባል፤ የሚመለሰው ኢንተርኔቱ ሲመለስ ነው። ወኪሉም የአገሩን ጠባይ ቶሎ ለመደ። ሙከራውን ሁሉ ከፈጡር በኋላ ያካሂዳል፣ ውጤቱንም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይመዘግባል። በዚህ ማንም ነውር አላየም፤ ከፈጡር በፊት ሥራ የለማ።

እኔ ግን ጓሮ አልወርድም ነበር። የሰኔ ጾም የቄስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እናቴን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አያሳምናትም። እሷ ከጾመች እኔም እጾማለሁ። ፉሉ የጾም ነው፤ ሰዓቱ ነው ያልደረሰው። ስለዚህ ሽታው በመስኮት እየገባ፣ ብቻዬን ፎቅ ላይ እቀመጣለሁ።

በአንዱ ጠዋት የመደበኛው ስልክ ጮኸ። አንድ ሆስፒታል ኢንሱሊን አልቆበታል፤ ሾፌራቸው የበረዶ ሣጥን ይዞ በረክሻ ግቢያችን ደርሷል። ትእዛዙን መዘገብኩ። የወኪሉ መድረክ ገጽ አረንጓዴ ነው። ረጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ሾፌሩ ከታች መጮህ ጀመረ። ወረድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ «ማ ፊ ጠለብ» አለኝ፤ የመጣ ትእዛዝ የለም።

«አሁን እኮ ነው የላክሁት!»

«እኔ ጋ አልደረሰም። ሀጅ ያለ ጠለብ አንድ ብልቃጥ እንዳይወጣ፣ በእጅም እንዳይመዘገብ ብለዋል። ውላሂ በእጄ አልነካም።»

ተመልሼ ወጣሁ። አረንጓዴ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አረንጓዴው ኢንተርኔቱ ከመዘጋቱ በፊት የነበረ ነው፤ ገጹ እንደቆመ ቀርቷል። የወኪሉ መድረክ የሚኖረው ባሕር ማዶ ነው። ፎቅ ላይ የጻፍኩት ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ፣ ሰው አገር ደርሶ፣ ተመልሶ ነው እግሬ ሥር ያለው ምድር ቤት የሚገባው። ኢንተርኔት ሲዘጋ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት መንገድ የለም።

ሾፌሩ ሣጥኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ በረዶው ውኃ ሆኗል። ሰደበኝና ባዶውን ሄደ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የታፈኑት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ተዘረገፉ። ባልደረቦቼ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ተመለሱ። ወኪሉ ኮምፒውተሩን ከፈተና «ታማም፣ ሁሉም ደርሷል» ብሎ መዘገበ። የጠዋቱን ለመናገር ፈራሁ። ሀጅ ከወኪሉ ጋር ምሳ መብላት፣ አብረው መሳቅ ጀምረው ነበር።

አርብ እረፍት ነው፤ እናቴም ቤት ነበረች። ዴም ባለችው ክፍላችን ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ነገርኳት። ጨርሳ ሳትሰማኝ እጇ ቆመ።

«ሀጅ የቱን ወደዋል?»

«የሽቶውን።»

«ታዲያ ምን ሙሽኪላ አለው? እሱን በያ!»

«እማዬ፣ መድኃኒት ነው እኮ። ሰው ይሞታል።»

«የእኔ ልጅ፣ አላህ ይየስር... እግዚአብሔር ያቅልለው። አንቺን ማን ሐኪም አደረገሽ? በስተርጅና ያንቺ ምላስ የከሻ መኪና ላይ ያውጣኝ?» እንባዋ መጣ። እናቴ በእኔ ፊት የምታለቅስ ሴት አይደለችም። አባቷ ጎንደር ሲሞቱ እንኳ አልሄደችም፤ «ሥራ አለቀቀኝም» ብላ ዴም ድንኳን ጥላ ለቅሶ ተቀመጠች እንጂ። ሁልጊዜ ሥራ አይለቃትም ነበር። አሁን ስታለቅስ ሳያት «እሺ፣ የሽቶውን እላለሁ» ብዬ ማልኩላት።

ማለት ቀላል ነበር። ቅዳሜ ቢሮ ስገባ ግን ያ የቀለጠ በረዶ ዐይኔ ላይ ነበር። ሌላም ፍርሃት መጣብኝ፤ ይህ ነገር አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ወኪሉ ዱባይ ነው፣ ፊርማው የእኔ ነው። ዝም ብልም ሰው አገር የሚጠብቀኝ ያው የከሻ መኪና ነው። ከሁለት ፍርሃት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

ፊት ለፊት ለመናገር ወኔው የለኝም። ያለኝ ተንኮል ብቻ ነበር። ለሀጅ ሻይ ሲቀርብ ጠብቄ ገባሁና፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ሀጅ፣ ሁለቱንም በዐይንዎ ቢያዩዋቸው ደስ ይለኛል። ነገ ጠዋት፣ ከፈጡር በፊት» አልኩ።

ሳቁ። «ከፈጡር በፊት ማን ይሠራል ያ ቢቲ፣ ልጄ?»

«በሽተኛ አለ ሀጅ። በሽተኛ ፈጡር አይጠብቅም።»

ሳቃቸው ቆመ። የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። እዚያው መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ኢንሻላህ» አሉ።

በማግስቱ መጡ፤ ወኪሉም ፊቱ ሳይፈታ መጣ። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል። በወኪሉ መድረክ አንድ ትእዛዝ መዘገብኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አረምኩት። ከዚያ ሀጅ ራሳቸው በደረጃው ምድር ቤት ወረዱ፣ እኛም ተከተልናቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ስክሪኑ ባዶ ነው። ቆምን። ማቀዝቀዣው ያጓራል።

ወኪሉ አልደነገጠም። «ይህ የአገራችሁ ኔትወርክ ችግር ነው፤ የእኛ አይደለም» አለ።

ሀጅ ወደ እኔ ዞሩ። ወጥቼ ያንኛውን፣ ሕንፃችን ውስጥ የሚኖረውን መድረክ አስነሣሁ፣ ያንኑ ትእዛዝ ላክሁ። ደረጃው ላይ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። ካልሠራ እናቴ ዛሬ ማታ ዕቃዋን ትሸክፋለች እያልኩ ነበር። ከታች የመጋዘኑ ኃላፊ «ጃ! ጃ!» ሲል ሰማሁ። መጥቷል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ወኪሉ በዚያው ሳምንት ሽቶውን ይዞ ተመለሰ። ሀጅ ቢሮአቸው ጠሩኝና አመሰገኑኝ። የምስጋና ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ዐይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሻያቸውን እያማሰሉ ጠየቁኝ።

«ይህን ነገር አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ አይደል?»

«አዎ ሀጅ።»

«ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም።»

«ለጊዜው የለም። ግን አንድ ሰው ባስተምር...»

«ከወኪሉ ጋር ውል አይኖረንም። የሚደወልበት ስልክም የለንም። አንቺ ዱባይ ወይ ካናዳ ልሂድ ብትዪ ምን ይውጠኛል?» መሳቢያቸውን ሳቡና መዳፋቸውን ዘረጉ። ድምፃቸው የአባት ነበር። «ጃዋዝሽን አምጪ። ፓስፖርትሽ እዚህ ይቀመጥ። ኢቃማሽን በየጊዜው እኔ ራሴ አሳድሳለሁ፤ ዕድሜ ልክሽን አታስቢ።»

ሰጠኋቸው። እንዴት አልሰጥም? መሳቢያው ተዘጋና ቁልፉ ኪሳቸው ገባ።

ዴም ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሀጃ፣ የሀጅ ሚስት፣ ወሬውን ቀድመው ነግረዋታል። እልል ማለት ነው የቀራት። አቀፈችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። «ሐምዱሊላህ! ተመስገን! አላባረሩሽም!»

«ፓስፖርቴን ወሰዱት እማዬ።»

«ታዲያስ!» አለች ፊቷ እያበራ። «የሚያባርሩትን ሰው ፓስፖርት ያስቀምጣሉ? ምን ያስፈራሻል? የእኔም እኮ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሀጃ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»