በበዓል ቀን የሚሰፋው ወሎዬ

የስፌት መኪናዬን የወረዳችን ጸሐፊ ወሰደብኝ። እንደ ሌባ በጨለማ አልመጣም። በቀን፣ በቢሮው፣ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ ወረቀት ላይ አስረግጦ ነው የወሰደው። የሥራ ፈቃድህ ነው አለኝ፤ ፊደል ስለማላውቅ አመንኩት። ለካ ወረቀቱ መኪናዬን ስለ ውለታቸው በፈቃዴ ሰጥቻለሁ የሚል ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ሁለት ዘበኞች መጥተው መኪናውን ከነጠረጴዛው ተሸክመው ሲሄዱ፣ መርፌ በከንፈሬ እንደያዝኩ ቆሜ አየሁ።

አቤት ልል ብሄድ የተቀበለኝ እሱ ራሱ ነው። ሌላ ጸሐፊ የት አለና።

«አቤቱታ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው» አለኝ።

«እንግዲያ ይጻፉልኝ።»

«በማን ላይ?»

«በእርስዎ ላይ።»

ብዕሩን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። ያን ዕለት ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ መቀሴንና ሁለት ጥቅል ክር በኩታዬ ቋጥሬ ወጣሁ። እናቴ የማሽላ ቂጣ አሲዛኝ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም፤ እኔም ዞሬ አላየኋት።

አባይን የተሻገርኩት ከአንድ ፍየል ነጂ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው። የካቲት ስለነበር ውሃው ከደረት አላለፈም። እሱ ስለ አዞ ያወራኛል፣ እኔ ስለ ጸሐፊው አወራዋለሁ። ማዶ ስንደርስ ልብሱን እየጨመቀ «አዞስ ቢሆን ቀለም አስነክሮ አይበላም» አለኝ። ከዚያ ሽቅብ ነው። ደብረ ወርቅ ስደርስ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ፣ አምበር ስደርስ አጥንቴ ገባ። እናንተ ማዶ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይታችሁ አታውቁም፤ እኔ ሆኜ አየሁት።

ደብረ ማርቆስ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ቤት ፍለጋ አንዲት ባልቴት ደጅ ቆምኩ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምንድን ነህ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«እስላም ነኝ፣ እሜቴ።»

አይቀበሉኝም ብዬ ቋጠሮዬን አነሣሁ።

«ቤቴ ውስጥ ሥጋ ትቀቅላለህ?»

«ገንዘብ ሳገኝ።»

«እንግዲያ ብዙም አታስቸግረኝም። ግባ።»

እውነታቸውን ነበር። የእነሱ እርድ ለእኔ አይሆን፣ የእስላም ሥጋ የሚገኝበት ሰፈር ሩቅ፣ ኪሴም ባዶ። እነሱ ሁዳዴን ጾመው በፋሲካ ሲገድፉ፣ ሁዳዴ የማይመለከተኝ እኔ በሽሮ ላይ ቀረሁ። ሰላምታቸውም ከኛ ይለያል። የኛ ሰላምታ ተጀምሮ እስኪያልቅ የዛፉ ጥላ ይዞራል፤ እዚህ ደኅና አደርክ ይሉህና ቶሎ እጅህን ያያሉ፣ ምን ትሠራለህ ማለታቸው ነው።

እጄን አይቶ ሥራ የሰጠኝ አያ ጥሩነህ ነው። በልጅነቱ ለድቁና ተምሮ፣ ድምፁ አልሆን ቢል ወደ መቀስ የገባ ሰው ነው። ከገበያው አጠገብ ባለ አንድ ረጅም በረንዳ ላይ አምስት የስፌት መኪኖች በተርታ ይቆማሉ፤ ሦስተኛው የእሱ ነበር። ቁልፍ እንድተክልና ጠርዝ እንድቀምቅም አስቀመጠኝ። ባለ መኪና የነበርኩት እኔ፣ የጎልማሳ እጄን በሰው መኪና ሥር አድርጌ ቁልፍ ስተክል የሆነብኝን ልነግራችሁ አልችልም።

በተከታዩ ዓመት ባላገሩ በግብር ነገር ከመንግሥት ጋር ተጣላ። ገበያ መውረድ አቆመ። መንገዱ ላይ ወታደር ፈሰሰ፤ ከአዲስ አበባ የጨርቅ ጣቃ ጭኖ የሚመጣው መኪና አባይ ላይ ቀረ። የገበያ ቀን ሲደርስ አደባባዩ ላይ ውሻና አቧራ ብቻ። የካኪ ቁምጣ የሚያሰፋው ባላገር ከሌለ፣ ካኪውም ከሌለ፣ ልብስ ሰፊ ምን ይሰፋል?

በጎጃም ሰው ላይ የምናገረው ክፉ ነገር አላጣም፣ ብርዱንም ቆጥሬ። ይህን ግን መስክሬ ልሙት፤ ያን በረንዳ የመሰለ ሰው አላየሁም።

ከበረንዳው ጫፍ ሻይ የምትሸጥ ሐዋ የምትባል ሴት ነበረች። ስኳር ሲጠፋ ሌላው ሻይ ሻጭ ማንቆርቆሪያውን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ሐዋ አንድ ቆርቆሮ ከረሜላ ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ለደንበኛው አንዷን ሰጥታ በጉንጩ ይዞ መራራውን ሻይ እንዲጠጣበት አስተማረች። አንዷ ከረሜላ ለሁለት ብርጭቆ ትበቃለች። በሦስተኛው ላይ ከረሜላ የሚጠይቅ ካለ «አፍህ ገና ጣፋጭ ነው፣ ጠጣ» ትለዋለች።

የእኛ ደግሞ በአንድ መምህር ጀመረ። ፀሐይ የበላው ኮት ይዞ መጣና ጨርቅ እስኪመጣ ምን ይሻላል አለ። አያ ጥሩነህ ገበሩን ገለጥ አድርጎ አየና «ውስጡ እኮ ገና ሙሽራ ነው» አለ። ኮቱን ስፌት በስፌት ተረተርነው፤ ውስጡን ወደ ውጭ፣ ውጩን ወደ ውስጥ ገልብጠን መልሰን ሰፋነው። አዲስ ሆነ። አንድ ነገር ግን አላሰብንም ነበር፤ ኮት ሲገለበጥ የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የቁልፉ ቀዳዳም በሴት ወገን ይሆናል። መምህሩ ለብሶ በመስታወት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ኮት አለው ይልሃል» አለው አያ ጥሩነህ።

በወሩ የፍርድ ቤቱም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የግብሩም ሰዎች ኮታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለማንም እንዳትናገሩ እያሉ ያመጡልን ጀመር። እኛም አልተናገርን፤ ኪሱ ራሱ ተናገረ። በኋላማ በየቢሮው ኪሱ በቀኝ የሆነ ሰው በዝቶ፣ በግራ የቀረበት ብቻውን መሰለ።

ሥራው ሲገኝ መኪኖቹ ደከሙ። መርፌ የለም፤ የዶለዶመውን በድንጋይ እየሞረድን ሰፋን። ከአምስቱ ሁለቱ ቀጥ አሉ። ባለቤቶቹ ወደ ገጠር ሊገቡ ሲሉ ሌሎቹ አስቀሯቸው፤ የሁለቱን ሆድ ዕቃ አውጥተው ለሦስቱ መለዋወጫ አደረጉና፣ በሦስቱ ላይ አምስቱም ተጋሩ። ማን አዘዛቸው? ማንም። እኔ ተጣማሪዬ ማን እንደሚሆን ስጠብቅ አያ ጥሩነህ ጠራኝ።

«ወሎዬው፣ የእኔ መኪና በወር ስንት ቀን ሥራ ፈትቶ እንደሚውል ታውቃለህ?» በጣቱ ቆጠረልኝ፤ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለ ወልድ። እሑዶቹን ሳይጨምር ነው። «አንተ ይህ ሁሉ በዓል የለብህም።»

«ዓርብ አለኝ።»

«ዓርብን ለእኔ ተወው። በዓሉን ሁሉ ውሰድ።»

እንዲህ ሆኖ እኔ፣ የሼህ የልጅ ልጅ፣ የታቦቱን ቀን ከዲያቆናቱ አብልጬ ማወቅ ግድ ሆነብኝ። ቀኖቹን በልብስ ጠመኔ የመኪናው ጠረጴዛ ላይ ይጽፍልኛል፣ እኔ እየተከተልኩ አነባለሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ሚካኤል ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ለዕውቀት ብዬ አልነበረም፤ በቂም ነው የተማርኩት፣ ያን ወረቀት አንድ ቀን በገዛ ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ የአያ ጥሩነህ የንስሐ አባት፣ በበዓል መኪናውን ከበረንዳው አስገብቼ ወደምሰፋበት ወደ ቤቱ መጡ። ሚካኤል ነበር፤ እኔ ቁልቁል አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ።

«ጥሩነህ፣ በሚካኤል ቀን መኪናህ ይጮሃል።»

«አባ፣ እኔ እንደሚያዩኝ ተቀምጫለሁ።»

«መኪናው ያንተ ነው።»

«መኪናው አልተጠመቀም፣ አባ።»

ቄሱ መኪናውን አየት አድርገው «በሩን ግን ዝጉት» ብለው ወጡ። በሳምንቱ የተጎሳቆለ ካባቸውን ላኩልን።

እንዲህ አድርገን አንድ ዓመት ኖርን፤ የእሱ አምስት ልጆችና የእኔ አንድ ሆድ በአንድ መኪና። ነገር ግን ብረትም ዕረፍት ይሻል። አንድ ቀን በሚያዝያ ውስጥ፣ ተራው የእኔ ሆኖ ስሰፋ፣ ውስጡ ያለው ዘንግ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መለዋወጫ የለም፤ ሌሎቹ ሁለት መኪኖችም ለአራቱ ባለቤቶች ራሳቸው አይበቁም። ልሰደብ ስጠብቅ አያ ጥሩነህ የተሰበረውን በእጁ እያገላበጠ «ያንተ መኪና የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ጸሐፊው ቤት።»

«እንግዲያ ክረምቱ አባይን ሳይዘጋብን እንሂድ።»

አገሬ ስንገባ ሽማግሌዎች ለመንን፤ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም። ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ጸሐፊው በኩራት መጣ፤ ወረቀት አለኝ አለ። ልየው አልኩ። ፊደል የማያውቅ ምን ያደርገዋል ብሎ ሰጠኝ። ተነሥቼ ቆሜ፣ ፊደል በፊደል፣ እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ግንባሩን ላብ አላበው፤ እኔንም።

ዋናው ሽማግሌ «ስለ ውለታቸው ይላል» አሉ። «ውለታህ ምን ነበር፣ ልጄ?»

«ብዙ ነው።»

«አንዱን ንገረና።»

እሱን ትቶ ወረቀት ሕግ ነው አላቸው። እሳቸውም አልተቆጡም።

«ይሁን። ቤተ ክርስቲያኑ ያውና። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመህ ወረቀቱ እውነት ነው ብለህ ማልልን፤ መኪናው ያንተ ይሁን።»

ጸሐፊው ነጠላውን አጣፋና ሄደ። ሁላችንም ከኋላው ተከተልን። በሩ ላይ ቆመ፤ ሊምል እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ወረቀት ላይ እንደዚያ የደፈረ ሰው እዚያ ደጃፍ ላይ መማል አልደፈረም። ሳያየኝ ተመለሰና «ይውሰደው። ለነገሩ መርፌው ተሰብሯል» አለ።

መኪናውን ከቤቱ ስናወጣው የሊጥ ቡሃቃ ተቀምጦበት ነበር፤ ለካ የተሰበረውን መርፌ የሚቀይር ሰው ጠፍቶ ለወራት ገበታ ሆኗል። አያ ጥሩነህ ከኮቱ ኮሌታ አንድ መርፌ ነቀለ፤ የበረንዳው የመጨረሻ ደህና መርፌ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ናቸው ለመንገድ የሰጡት። አስገባው፣ ክር ሰደደ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት የገዛ ነጠላውን ጫፍ ሰፋበት። ሰፋ።

እናቴ መኪናው ከተመለሰ ልጄም ተመልሷል ብላ ቤቱን አስለቅልቃ ጠበቀችኝ። የአያ ጥሩነህን አምስት ልጆች ነገርኳት፣ በረንዳውን ነገርኳት፣ መርፌውንም። ሰምታ ስትጨርስ አትሂድ አላለችኝም። ብርዱን ለመድከው ወይ ብቻ አለችኝ። አልለመድኩትም አልኳት፤ ዋሸኋት። በማግሥቱ መኪናውን በበቅሎ ጭነን ወደ አባይ ወረድን።

ከጸሐፊው ጋር የነበረኝ ነገር ያለቀው ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ነው።