ጫማ የማይገባበት የመስታወት ቤት

ባለፈው ጥቅምት ንፋስ መውጫ ከተማ ያለውን አሮጌ የዕፅዋት መስታወት ቤት በባዶ እግሬ ጎበኘሁ። ለምሳ ሰዓት ዜና የማደርስ ጋዜጠኛ ስለነበርኩ የሚያስረዳኝ ኃላፊ ፈልጌ ነበር። በሩ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ።

«ልጄ፣ ጫማህን አውልቅ» አሉኝ።

«አባቴ፣ እዚህም ይወለቃል?»

«የእግዚአብሔር ተክል ያለበት ቤት አይደል እንዴ? በል በግራ ግባ፤ ቀኙ የሴቶች ነው።»

ታዘዝኩ። ውጭው ብርድ ነው፤ የውስጡ አፈር ግን ለብ ብሎ እግሬን ደስ አለው። ነገሩን የቤቱ ደንብ ብዬ ለዜናዬ መዘገብኩ። ከዚያ ተክል የሚያጠጣውን ሠራተኛ የቄሱን ኃላፊነት ጠየቅኩት።

«የምን ኃላፊነት? መኪና እስኪመጣ ብርዱን ሸሽተው የገቡ ወደ እስቴ የሚሄዱ መንገደኛ ናቸው» አለኝ።

«ታዲያ ጫማ ማውለቁስ?»

ወደ ታች ተመለከተ። እግሩን ያየሁት ያኔ ነው፤ እሱም ባዶ እግሩን ነበር።