ብሎኬት ያስተኛው ግንበኛ

ነገሌ ገበያው ጥግ ያለውን አዳራሽ ማን ሠራው ቢባል መልሱ ብዙ ነው። በደርግ ጊዜ የስብሰባ ቤት ነበር። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ቆርቆሮው ተነቀለና የፍየል ማደሪያ ሆነ። ቆይቶ እንደገና ጣራ አለበሱት፣ የሙዚቃ መድረክ አወጡለት፣ በገበያው በኩል ደግሞ የለስላሳ መጋዘን ለጠፉበት። መጋዘኑን ከአዳራሹ የሚለየውን ግድግዳ ግን የገነባው አንድ ሰው ነው፤ ጋሮማ። በዕድሜው ስንቱን ግድግዳ አቁሟል፣ የሚሳሳው ግን ለዚህኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋዘኑን የተከራዩት ነጋዴው ሐጂ ዓብዱሰመድ ነበሩ፤ ለስላሳውን የምትሸጠው ልጃቸው ሳዲያ። ሳዲያ ለዘፈን ሟች ናት፤ ግን የሐጂ ልጅ ወንድ መሀል ተቀምጣ ስታጨበጭብ ብትታይ ገበያው ምላሱን ይስልባት ነበር። ጋሮማ ይህን ያውቃል፤ ዓይኑም እሷ ላይ አርፏል። ብሎኬቱን እንደ ወጉ በማቆም ፈንታ በጎኑ አስተኝቶ ደረደረው፤ በብሎኬቱ ቀዳዳም መድረኩ ከመጋዘኑ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ግንበኞቹ ሳቁበት። "ጋሮማ፣ ብሎኬቱ ደክሞት ነው ያስተኛኸው?"

"አየር ይግባ ብዬ ነው" አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

ከዚያ ወዲያ ዘፈን ባለ ቁጥር ሳዲያ መጋዘን ውስጥ የለስላሳ ሣጥን ላይ ትቀመጣለች፣ ጋሮማ በአዳራሹ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። በቀዳዳው ድምፅዋ ይመጣለታል። "ያ ሰውዬ ከበሮው ምን በድሎት ነው እንዲህ የሚደበድበው?" ወይ ደግሞ፣ "ዘፋኙ ሱሪው ሊወልቅ ነው፣ ንገረው እንጂ!" ጋሮማ ብቻውን ሲንከተከት ያየ ሁሉ ለከፈው ይላል። ሽማግሌ ልኮ ካገባት በኋላ እንኳ ፊት ወንበር እንቀመጥ ሲላት፣ "አይ፣ እኔ ከዚህ ነው የሚጥመኝ" ትለው ነበር።

ሳዲያ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። ልጃቸው ካውሰር ሜጋ ከተማ ተድራለች፤ ስትደውል "በላህ ወይ?" ትለዋለች፣ "በልቻለሁ" ይላታል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ቃል ከአፉ ሳይወጣ የሚውልበት ቀን አለ። እንዲያ ሲሆንበት ባዶው አዳራሽ ይገባና ያንን ግድግዳ ይደገፋል።

ዘንድሮ አዳራሹ ታድሶ የሙዚቃም የሥዕልም ቤት ይሁን ተባለ። ሥራውን የምትመራው ሠዓሊዋ ኢክራን ቤቱ ድረስ መጣች።

"አካም፣ አባ ካውሰር! ናጋ? ያቺን ወንፊት ግድግዳ ይለስኑልኝ። ትልቁ ሥዕል እሷ ላይ ነው የሚሰቀለው።"

ጋሮማ ሊለማመጣት ሞከረ። "እሷ ባትነካስ?"

"ለምን?"

ምክንያቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የሟች ሚስትን ጨዋታ በልጁ ዕድሜ ላለች ሴት እንዴት ብሎ ይጀምረዋል? "አየር... አየር ታስገባለች" አለ።

"ውይ አባ! አየሩ በመስኮት ይግባ። እምቢ ካሉ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

የሌላ ሰው እጅ ከሚነካት ብሎ የልስን ማንካውን አነሳ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በስብርባሪና በሲሚንቶ ወተፈ፤ በላዩ ደራርቦ ለሰነ። ግድግዳው እንቁላል መሰለ።

በምረቃው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሴት ልጆች ሒጃባቸውን አሳምረው ፊት ወንበር ላይ ያጨበጭባሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ጋሮማ ደስ አለው፤ ደስታውን የሚያወራለት ሰው ፈልጎ ግራ ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ ወጣና ዞሮ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ዘፈን እየተዘፈነ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። እዚያ ከተከማቹት ትርፍ ወንበሮች አንዱን ስቦ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

በሩ ተከፈተና ዘፈኑ ግልብጥ ብሎ ገባ። ኢክራን ነበረች፣ ወንበር ልትወስድ።

"አባ ካውሰር! ፊት ቦታ ይዤልዎት የለም እንዴ? እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ከዚህ እንዴት እንደሚሰማ ልየው ብዬ።"

"ታዲያ ይሰማል?"

"አይ፣ አይሰማም። ደህና አድርጌ ነው የለሰንኩት።"

"ታዲያስ! እጅዎ ይባረክ!" አለችና እየሳቀች ሁለት ወንበር አንጠልጥላ ወጣች። በሩን በእግሯ ስትገፋው ዘፈኑም አብሯት ሄደ።