ማዕዳቸውን ያልለዩት ዓሚ ሷሊሕ

የላክሁት የተምር ቆርቆሮ ተመልሶ መጣ። መርዶው የደረሰኝ እንዲህ ነው።

እዚህ ሑደይዳ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ልብስ ከገመድ ላይ ሳወርድ በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነበር። ሰይድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ በአሰብና በዚህ ወደብ መካከል በጀልባ ሸቀጥ እያመላለሰ ይነግዳል፤ አንዳንዴም እስከ ደሴ ይወጣል። ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ይዞታል። ክዳኑን ያሰርኩበት አረንጓዴ ጨርቅ አልተፈታም።

«ምነው ሰይዶ፣ ዓሚ ሷሊሕን አላገኘሃቸውም እንዴ?» አልኩት።

«ዘይነብ እህቴ» አለና መሬት መሬት አየ። «ቤታቸውስ ደርሼ ነበር። ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ዱዓ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በእጃቸው ስጥ ብለሽኝ ስለነበር ለሌላ ሰው መስጠቱ ከበደኝ።»

«መልእክቴስ?»

«እሱንም ይዤው ተመለስኩ።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በእጄ የነበረውን የደረቀ ልብስ መልሼ ገመዱ ላይ ሰቀልኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ደሴ ሸዋ በር ላላችሁ፣ ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ በሰንዓና በጂዳም ለተበተናችሁ። ለቅሶ ልደርስ አልቻልኩም። ከባሕር ማዶ ሆኜ የምችለው መጻፍ ብቻ ነው፤ እሱም ምን ያህል እንደሚረዳ አላህ ያውቃል።

ዓሚ ሷሊሕ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። «ዓሚ» በእኛ ቤት አጎቴ ማለት ነው፤ ኋላ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ዓሚ ይላቸው ጀመር። ወንድ አያቴ ከየመን ተሻግረው ደሴ የገቡ፣ ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሴት አያቴ እዚያው ወሎ የቢስቲማ ልጅ ናቸው። እኛ ቤት ዐረብኛው ለቁርኣንና ለድስቱ ሥራ ነበር፤ ሳቁም ቁጣውም በወሎ አማርኛ ነው። ይህም ሆኖ ለከተማው «አረቦቹ» ነበርን። አንድ ገበያተኛ ዓሚን ሊነካካቸው ፈልጎ፣ «እናንተ አረቦች አገራችሁ የምትገቡት መቼ ነው?» ቢላቸው፣ «አባቴ በባሕር መጣ፤ እኔ የመጣሁት በእናቴ ነው። ቢስቲማ ግባ ካልከኝ ደግሞ ስንቅ ቋጥርልኝና አሁኑኑ በእግሬ ልነሳ» አሉት። ሰውዬው ራሱ ስቆ ሐላዋ ገዝቶ ሄደ።

ሥራ ላይ ሆነው ያያቸው አይረሳቸውም። ሐላዋ እሳት ላይ ከተጣደ እስኪወጣ ድረስ መማሰሉ አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ ያራል። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ረጅሙን የእንጨት መማሰያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት እያወረዱ ያማስላሉ። ሲደክማቸው አባቴ ይቀበሏቸዋል፤ መማሰያው ግን ድስቱ ውስጥ ሳይቆም ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው። ሄሉን የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሽታው መንገድ ተሻግሮ ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ልብስ ስፌት ቤት ይገባል። ጋሼ ታደሰም መቀሱን አስቀምጦ ብቅ ይላል።

«ሷሊሕ፣ ቅቤ አለበት?»

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ይሄ የእናንተ ድስት ነው። በሰሊጥ ዘይት ነው የሠራሁት።»

«እውነትህን ነው? በኋላ ቄሱ ፊት እንዳታስቆመኝ!»

«ኧረ አብሽር! በራሴ ጾም ቀልጄ አላውቅም፤ በአንተ ጾም ልቀልድ?»

ለጾመኛ ጎረቤቶቻቸው ሲሉ ሁለት ድስት ያቆሙ ነበር። ቅቤ የነካ መማሰያ ወደ ዘይቱ ድስት አይገባም፤ እኛ ልጆቹ ብንሳሳት እንኳ ያን ድስት እንዳለ ወደ ቅቤው ወገን ይወስዱትና ሌላ ይጀምራሉ። ያጣ ቤት ኒካሕ ሲኖር ደግሞ ትልቅ ሳሕን ሞልተው ይልኩና፣ «ለሰው ተሠርቶ የተረፈኝ ነው፤ እንዳይበላሽብኝ ብሉልኝ በሏቸው» ይላሉ። የሚልኩት እኛን ነው፤ ለማንም እንዳልተሠራ እናውቃለን።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ። ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነውና።

ወንድ አያቴ ሲሞቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው የተናዘዙት፣ «ማዕዳችሁን አትለዩ» ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ዓሚ ደሴ፣ አባቴ አብዱ ደግሞ ኮምቦልቻ በአሰብ መንገድ ዳር በሠሩት ቤት ተቀመጡ። የእኛ ቤት የፊቱ ሱቅ፣ የኋላው መኖሪያ ነበር። ሐላዋው ደሴ ይሠራል፤ ኮምቦልቻ ይሸጣል። የእኔ የአንተ የሚባል ሒሳብ አልነበራቸውም፤ ሁለቱም ከአንድ ሣጥን ያወጣሉ። ሐሙስ ማታ አባቴ እኛን ይዘው ሽቅብ ደሴ ይወጡና ጁምዓን ድስቱ ላይ ረድተን በአንድ ትሪ እንበላለን። ከትሪው እያንዳንዱ ሰው ፊቱ ያለውን ይበላል። አባቴ እኛን አስቀድመው ከዘገዩ ዓሚ የእሳቸውን ፊት በእጃቸው ከለል አድርገው፣ «ይሄ የአብዱ ፊት ነው፤ የነካ ወዮለት» ይላሉ። ሌሊቱንም ሳይመጡ ቢቀሩ፣ የአብዱ ፊት ሳይነካ ያድራል።

ኋላ የደርግ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ተባለ። መዝጋቢዎቹ ደሴ ዓሚ ሰፈር የሚመጡት በጁምዓ ቀን ሆነ፤ እኛም እዚያው ነበርን። ጋሼ ታደሰ የቀበሌውን ወሬ ሰምቶ ዋዜማውን መጣና ዓሚን ወደ ጓሮ ጠራቸው።

«ነገ ሲጠይቁህ እኔና ወንድሜ ተለያይተናል በል። እሱም ይድገመው። በቃ! ሁለት ቤተሰብ ከሆናችሁ ሁለቱም ቤት ይቀራል።»

«አልተለያየንማ።»

«ወንድሜ፣ ቃል እኮ ናት!»

«ለአባቴ የሰጠሁትም ቃል ነው፣ ታደሰ።»

በማግሥቱ መዝጋቢው ወጣት መጣ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። «ጓድ ሷሊሕ፣ ከወንድምዎ ጋር ጓዳችሁ አንድ ነው?» አለ።

«አንድ ነው።»

«ገንዘባችሁስ?»

«አንድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።» ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ። ሰው ስለ ልጆቹ ሲጠየቅ እንደሚኮራው ኮርተው ነበር።

ወጣቱ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲላቸው አባቴ፣ «ታላቄ ተናግሯል» አሉ።

በዚያ ቃል የኮምቦልቻው ቤታችን ትርፍ ሆነ። የገዛ ማዕድ ቤታችንን ቁልፍ እናቴ ናቸው ያስረከቡት። ደሴ ወጥተን ከዓሚ ጋር ተጠጋን። ብዙም ሳይቆይ ስኳር በቀበሌ ራሽን ብቻ ሆነ፤ ለሻይ የማይበቃ ስኳር ለሐላዋ ከየት ይምጣ? ዓሚ ድስቶቹን አጥበው ግድግዳው ሥር ደፏቸው። ማለዳ ማለዳ ግን እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ምድጃው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። የሚያማስሉት ነገር አልነበረም።

አባቴ ወደ የመን ለመሻገር ሲቆርጡ ዓሚ እንቢ አሉ። «የእናቴን መቃብር ለማን ትቼ?» አሉ። አውቶቡስ ተራ ሊሸኙን መጡ። እዚያ እናቴ፣ ሐዘኑ ገንፍሎባቸው፣ «በአንድ ቃልዎ ቤቴን አፈረሱት፣ ሷሊሕ!» አሏቸው። ዓሚ አንገታቸውን ደፍተው የአባቴን ቃል ጠበቁ። አባቴም አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ ወጣን። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

እዚህ ሑደይዳ አባቴ በሰው ሱቅ ተቀጥረው ኖሩ። በየማዕዱ የዓሚን ፊት ይተዉ ነበር። እናቴም ኋላ ኋላ ራሳቸው ያን ወገን ከለል ማድረግ ጀመሩ። እኔ፣ «አባዬ፣ አላዘንኩብህም ብለው ለምን አይጽፉላቸውም?» ስላቸው፣ «ይህ በወረቀት አይሆንም፤ በአፍ ነው» ይላሉ። የሚሻገር የሚያምኑት ሰው ሲጠብቁ ሕመሙ ቀደማቸው። የመጨረሻው ቃላቸው ይህ ነው፦ «አንተ የተናገርከው የእኔንም ቃል ነው። ፊትህን አልበላሁም በይልኝ።»

ሰይድ ከተምሩ ጋር ይዞት የሄደው ይህን ነበር። ጀልባው ነፋስ ጠብቆ አሰብ ደረሰ፤ አሰብም መኪና እስኪገኝ ዋለ አደረ። ማንን ልውቀስ? ነፋሱን?

ዓሚ፣ ሰላም ይሁኑ። መማሰያውን ከእጅዎ የሚቀበል ሰው ሳይኖር ቀሩ። ከመሞትዎ በፊት አፉ፣ ይቅር ብለናል ብለን እንድንልክልዎ፣ እርስዎም አፉ እንዲሉን እመኝ ነበር፤ አልሆነም። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ከአባቴም ጋር በማይለይ ማዕድ ያገናኛችሁ። ከዚህ በላይ የምሰጥዎ የለኝም።

እናንተ ደግሞ በመጨረሻው ሕመማቸው ያስታመማችኋቸው፣ ምግብ እየተፈራረቃችሁ ያቀረባችሁላቸው ጎረቤቶች፣ ጋሼ ታደሰም በሕይወት ካለህ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሲበሉ አይታችኋል። ከትሪው በአንድ ወገን ሳይነኩት የሚተዉት ነበር? «ይሄ የአብዱ ፊት ነው» ይሉ ነበር? ይሉ ከነበረ መልእክታችን ባይደርስም ያውቁት ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ይበሉት ከነበረም ደብቃችሁ አታሳምሩልኝ። ሰይድ በቅርቡ ወደ እናንተ ይመለሳል፤ ያያችሁትን በአፉ ላኩልኝ።