የሰባ አንድ ዓመቷ ሙሽራ

የመጀመሪያ ሚስቴ ማቱሪን ስታገባኝ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ። የሚስቅ ይሳቅ። ያኔ የሳቁብኝ እኩዮቼ በዚያው ዓመት ዘምተው አልተመለሱም።

ጎረቤታችን ነበረች፤ አሳማ የምታረባ፣ ምላሷ የማይቻል ባልቴት። ናፖሊዮን ዘውድ የጫነ ጊዜ መንደሩ ሁሉ "ይኑርልን!" ሲል እሷም አብራ ብላለች። ኋላ የበኩር ልጇ ስፔን፣ ታናሹ የሩሲያ በረዶ ውስጥ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም። "ያ ሆዳም" ነበር የምትለው።

ሆዳሙ ጦሩን ሩሲያ ላይ አስጨርሶ ሲመለስ አዲስ ምልመላ ታወጀ። ባለትዳር አይወሰድም፤ የመንደሩን ልጃገረዶች ግን ሌሎች ጎረምሶች ተሻምተው ጨርሰዋቸዋል። እናቴ እኔን እያየች ስታለቅስ ማቱሪን በሩን በርግዳ ገባች።

"ምን ያነፋርቅሻል? እኔ አገባዋለሁ።"

"አንቺ? ጤናም የለሽ!"

"ምን ይሆንብሻል? ጥርስ የለኝ፣ አልነክሰው! ሁለት ወስዶብኛል፤ ሦስተኛ ከዚህ ደጅ አያገኝም።"

ከንቲባው ፊት ቆምን። "ማቱሪንን ልታገባ ትፈቅዳለህ?" ሲለኝ "አዎ፣ እማማን" ብዬ እርፍ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሷ ፈገግ እንኳ አላለችም።

መልማዩ መኮንን ቤታችን ድረስ መጣ። "እውነት ይሄ ትዳር ነው?" አላት። መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩን ሞልታ ቆመች።

"ልጆቼን ስትወስዱ፣ እውነት እናታቸው ነሽ ወይ ብላችሁኛል?"

ሰውዬው ቆቡን አጥልቆ ሄደ።

ሆዳሙ ወደቀ፤ ካጋዙበት ደሴት አምልጦ መጣ፤ ደግሞ ወደቀ። ንጉሥ ተመለሰና ፍቺ ተከለከለ፤ እንደተጋባን ቀረን። አንዳንዴ እሳት ዳር ተቀምጣ "ወጣትነትህን በላሁብህ፣ ሌዮናር" ስትለኝ ደሜ ይፈላል። ምን በላች? እኩዮቼን አፈር በልቷቸው የለ!

"ዝም ብለሽ ሾርባውን ቅጂልኝ" እላታለሁ።

አንድ ሐምሌ የሆዳሙ ሞት ተሰማ። መንደሩ ጉዱን ረስቶ አለቀሰለት። ማቱሪን ታማ ተኝታለች።

"ማን ቀበረው?" አለችኝ።

"በግዞት ይጠብቁት የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች።"

"የመጀመሪያ ሚስቱን፣ አሮጊቷንስ፣ ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ ፈታት። ወጣቷ ሚስቱስ?"

"አልነበረችም አሉ።"

ድዷ እስኪታይ ሳቀች። "እኔን ግን ባሌ ይቀብረኛል!"

እህሉ ሳይታጨድ አረፈች። ቄሱ ከሬሳው ኋላ የሚሄደው የቅርብ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

"ባሏ ነኝ" አልኩ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።