የፖስታ ዲፕሎማዬና የየኔታ ምስክርነት

በፖስታ የሚመጣ የመንፈሳዊ ትምህርት ዲፕሎማ ዋጋ አለው ወይስ የለውም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ነገር የሚከራከረው ሰው አብዛኛው ወረቀቱን በእጁ ይዞ አያውቅም። እኔ ግን ይዤዋለሁ፤ ያውም የነገረ መለኮት፣ ያውም ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም የተሽሞነሞነ። ስለዚህ ፍርዱ ለኔ ይገባል፤ የሚቀየመኝም ይቀየም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ መርሳ ላይ ነው። አባቴ መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ከደሴ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ፊት ለፊታችን ይቆማል፤ እኔም ጨው እየሰፈርኩ፣ ሳሙና እየቆረጥኩ፣ ላምባ እየቀዳሁ እውላለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓይነት ትምህርት ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ወልድያ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል አድርሼ ተውኩት። ከዚያ በፊት ደግሞ ከግራና በላይ ባለ አንድ ደብር፣ ዓይነ ስውር የኔታ እግር ሥር ስድስት ዓመት ተቀምጬ፣ ቅኔ ጨርሼ የጳውሎስን ትርጓሜ እንደጀመርኩ ጠፋሁ።

ለምን ጠፋሁ? የቆሎ ተማሪ የባለሱቅ ልጅ ሆነ የድሃ ልጅ፣ ለምኖ ነው የሚማረው፤ ሥርዓቱ ነው። አንድ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ የቆምኩበት በር ሲከፈት አክስቴ ነበረች። እዚያ መንደር መግባቷን አላወቅኩም። ቁራሹን ሰጠችኝና አለቀሰች። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በሳምንቱ ለፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ ብዬ የኔታን አስፈቀድኩ፤ አልተመለስኩም።

በዚያ ትምህርት ቤት ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ሲበቃ መምህሩ በጉባኤ ፊት ይመሰክሩለታል፤ «አስመሰከረ» የሚባለውም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የትም ደብር ቢሄድ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የማን ተማሪ ነህ? እኔ የማን ተማሪ እንደሆንኩ መናገር እችላለሁ፤ የሚመሰክርልኝ ግን አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሱቃችን ውስጥ ረስቶት የሄደ መጽሔት ጀርባ ላይ፣ ቤትዎ ቁጭ ብለው የመንፈሳዊ ትምህርት ዲፕሎማ ያግኙ የሚል ማስታወቂያ አነበብኩ። ባሕር ማዶ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ቁራሽ የለም፣ ልመና የለም፣ ቁንጫ የለም! በዚያው ሳምንት ጻፍኩላቸው።

ትምህርቱ በወልድያ ፖስታ ቤት በኩል ይመጣል። መጀመሪያ በአማርኛ የተተረጎሙ ቀጫጭን ደብተሮች ላኩልኝ፤ በኋላ እንግሊዝኛው መጣና በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ቀጠልኩ። አባቴ ፈረንጅ ማርያምን ሊያስክድህ ነው ብሎ አንድ ሰሞን ሱቁን አልፈተሸም፣ እኔን ነበር የሚፈትሸው። ደብተሮቹን ለንስሐ አባታችን ወሰደላቸው። እሳቸውም ሁለቱን አገላብጠው ክፉ ነገር አላየሁበትም፣ ጨውም አላየሁበትም ብለው መለሱለት። ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጩ ደግሞ ሙስሊም ነው፤ በወጣትነቱ ሼኾች ዘንድ ቂርአት ሊማር የተቀመጠ። በእነሱም ዘንድ ሼኹ ከፊታቸው የቀራውን ተማሪ አብቅተው የማስተማር ፈቃድ፣ ኢጃዛ፣ ሲሰጡት ነው አስተማሪ የሚሆነው። ያንተ ሼኽ ወላሂ መልክህን እንኳ አያውቁትም፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው የያዝከው እያለ ጠዋት ማታ ያሾፍብኛል። እኔም ጨርቅህን ለካ እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ፈተና መጣ። ኖኅ መጀመሪያ ቁራን ለምን ላከ ይላል፤ ከሥሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ሦስት መልስ ተደርድሯል። አየኋቸው። ሦስቱም ያስኬዳሉ። ትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ነገር በአንድ መንገድ ብቻ ሲፈታ ቅር ይለዋል፤ አንዱን ይልና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያወርዳል። እኔም የየኔታን ዜማ በልቤ እየሰማሁ ሦስቱንም ተቀብዬ፣ ከራሴ ደግሞ አራተኛ ጨምሬ፣ አንድም ቁራ ሆዳም ነውና ሄዶ መቅረቱ ምድር የሚበላ እንዳላት ያስረዳል ብዬ አራት ገጽ ሞልቼ ላክሁ። አይ እኔ! ይህን ሲያነቡ ጉድ ይላሉ ብዬ ነበር።

በቀይ ቀለም ዜሮ ተጽፎበት ተመለሰ። ከሥሩ «አንዱን ብቻ ምረጥ» ይላል።

በጣም ተናደድኩ፤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ምን አበሳጨኝ ብዬ አንዱን ብቻ መምረጥ ጀመርኩ። ነገሩ እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ከዚያ ወዲያ ከዘጠና በታች አምጥቼ አላውቅም። በሦስተኛው ዓመት ዲፕሎማው መጣ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስሜን በትልልቅ ፊደል ሳየው ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም።

በዚያው ዓመት የመርሳ ትምህርት ቤት የግብረ ገብ አስተማሪ ተዛውሮ ቦታው ባዶ ሆነ። ያን ቦታ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ፈልጌ አላውቅም። ልጆች ፊት ቆሜ መናገር ነበር ምኞቴ፤ ካልሆነ ዕድሜዬን ጨው ስሰፍር ልጨርሰው ነው። ዳይሬክተሩ ወልድያ ስንማር ሁለት ክፍል የሚበልጠኝ ልጅ ነበር፤ ያውቀኛል። ዲፕሎማውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየውና ያምራል አለ። ችግሩ ይህ ትምህርት ቤት የታወቀ ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ደሴ ያሉት አለቆቹ የሚፈልጉት ወይ የታወቀ የምስክር ወረቀት ነው፣ ወይ የሊቅ ምስክርነት። ስለዚህ ለማንኛውም ከመምህርህ አንድ ደብዳቤ አምጣልኝ አለኝ።

ከመምህርህ! ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ማለት ይኼ ነው።

ከመርሳ በማለዳ ተነሥቼ፣ ዲፕሎማውንና ደብተሮቹን በነጠላ ጠቅልዬ፣ በግራና አድርጌ ዳገቱን ወጣሁ። የኔታ ዋርካው ሥር ጉባኤ ዘርግተው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ማንነቴን ስነግራቸው «ፋሲካው አለፈ?» አሉኝ። ስምንት ዓመት አልፎታል። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ዲፕሎማውን ተቀብለው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት። መምህርህ ማን ነው አሉ። ፊርማው አይነበብም አልኳቸው። አይቶህ ያውቃል? አያውቅም። ስትሳሳት ድምፅህን ሰምቶ ያውቃል? አያውቅም፤ በቀይ ቀለም ነው የሚጽፍልኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና እስቲ ካቆምክበት እንነሣ፣ ሳውል ደማስቆ ሲቃረብ ብርሃን አይቶ ለምን ታወረ ብለው ጠየቁኝ።

ይህማ ደብተሩ ውስጥ ነበር። የሥጋ ዓይኑ ጠፍቶ የልቡ ዓይን እንዲበራ ነው አልኩ፤ ኮራ ብዬ።

«አንድም?» አሉ የኔታ።

ፈለግሁ፣ አጣሁ። ድሮ አምስት ስድስቱን በአንድ ትንፋሽ የማወርድ ልጅ፣ በሦስት ዓመት አንዱን ብቻ ስመርጥ ሌላው ሁሉ ከራሴ ጠፍቷል። የኔታም እንግዲህ ምን ብዬ ልመስክርልህ ብለው ወደ ጉባኤያቸው ዞሩ።

ቦታው ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። አሁን ሳስበው በድፍረቴ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ንዴቱ ቀደመኝ። «የኔታ፣ እርስዎስ ኢየሩሳሌም ከደማስቆ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። አላውቅም፤ አርባ ዓመት ሳስተምረው የነገረኝ የለም፤ አንተ ታውቃለህ እንዴ አሉኝ። በድምፃቸው ቁጣ የለም። የእውነት ነው የጠየቁኝ።

ከደብተሮቹ አንዱ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጥ ካርታ ነበር፤ ጳውሎስ የሄደባቸው አገሮች ሁሉ ያሉበት። አውጥቼ ዘረጋሁት። ግን ለዓይነ ስውር ካርታ ምን ይሠራል? ከአንዱ ተማሪ ሽምብራ ለመንኩ፣ ከሌላው የጧፍ ሰም። ኢየሩሳሌም ላይ አንድ ሽምብራ በሰም ለጠፍኩ፣ ደማስቆ ላይ አንድ፣ አንጾኪያ ላይ አንድ፣ እንዲህ እያልኩ ሮሜ ደረስኩ። ከዚያ የየኔታን ጣት ይዤ ከሽምብራ ሽምብራ መራሁት። ባሕሩ እዚህ ነው፣ መርከቡ የተሰበረው እዚህ ነው እያልኩ። ርቀቱን በእኛ አገር መንገድ ለካሁላቸው፤ ከኢየሩሳሌም ደማስቆ ማለት ከወልድያ ደሴ ደርሶ የመመለስ ያህል ነው፣ በእግር ስድስት ሰባት ቀን ይፈጃል አልኳቸው። ተማሪዎቹ ቀስ በቀስ ተጠግተው ከበቡን። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፤ ያላወቅሁትን አላውቅም እላለሁ። ፀሐይዋ ከዋርካው ማዶ ስታልፍ ልብ አላልኩም።

የኔታ ጣታቸውን ደማስቆ ላይ መልሰው ቆዩ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ሰባት ቀን ሙሉ ቁጣው ያልበረደለት ሰው ነው እንዴ?» አሉ። ቀጠሉናም፣ አንድም ሰባት ቀን ተጉዞ ቁጣው ያልደከመ ሰው በምክር አይቆምምና በብርሃን ቆመ ብለው ለተማሪዎቻቸው አወረዱላቸው። ተማሪዎቹ ተቀብለው ደገሙት። ያ ትርጓሜ ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም። ከኔ ካርታ የወጣ ነው። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ወዲያው ግን ቅል ሰጥተው ውሃ ቅዳ ብለው ምንጭ ላኩኝ፣ እንደ ድሮው። ስመለስ አንዱ ተማሪ የተጻፈ፣ የተጣጠፈ፣ የደብሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። የኔታ ለዳይሬክተሩ ስጥ፣ አንተ አትክፈት አሉ። አልከፈትኩም፤ ግራናን እስካልፍ ድረስ ግን እጄ ሦስት ጊዜ ሄዶበት ተመልሷል።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ይህ ሰው ተማሪዬ ነበር። ቅኔ ጨርሷል። ጳውሎስን ጀምሮ ሳያስመሰክር ሸሽቶኛል። አንዱን ትርጓሜ ይዟል፣ የቀረውን ረስቷል። ዲፕሎማ የሰጡት ሰዎች አይተውትም ሰምተውትም አያውቁም። እኔ ግን ትናንት ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ፤ ተምሬበታለሁም። ያስተምር። ክረምት ክረምት ግን ወደ እኔ ተመልሶ ይጨርስ።»

ዳይሬክተሩ ጢሙን አሻሸ። ይህን ደሴ ብልከው ሸሽቶ የጠፋ ተማሪ ቀጠርክ ይሉኛል አለ። ዲፕሎማውን ብቻ ብንልክስ? ማኅተሙ ያብረቀርቃል፣ እንግሊዝኛውን ማን ጨርሶ ያነበዋል? ለኔ ብሎ ነው፤ ክፋት የለበትም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ የቱን ልላክ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ፍርዴን የሰጠሁት። ከዲፕሎማው ካርታውን አግኝቻለሁ፣ እንግሊዝኛውን አግኝቻለሁ፣ ሦስት ዓመት ጨው እየሰፈርኩ ተስፋ የሰጠኝም እሱ ነው፤ ከንቱ ነው የሚለኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ። ይህ ሰው ማስተማር ይችላል ብሎ ለመናገር ግን ሰውየውን ማየት ወይም መስማት ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ወደ ዳይሬክተሩ ገፋሁት።

«ሸሽቶኛል ይላልኮ» አለኝ።

«ሸሽቻቸዋለሁ» አልኩት። «የሚያውቁኝ ግን እሳቸው ናቸው።»

ዲፕሎማውን መለሰልኝ፤ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከተተ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሚዛኑን ጥዬ እወጣ ነበር። በመጨረሻ መልሱ መጣ፦ በጊዜያዊነት ይቀጠር፤ መምህሩ እንዳዘዙትም በየክረምቱ እየተመለሰ እንዲጨርስ ግዴታ ይግባ፤ ካልሄደ ቅጥሩ ይሰረዝ ይላል። ፈረምኩ። አባቴ ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሳቀ።

ያን ዓመት ልጆቹን እስከ ሰኔ መጨረሻ አስተማርኩ። በሐምሌ አንድ ቀን፣ በዝናብ፣ ቅልና አኩፋዳ ይዤ ከየኔታ ደብር አጠገብ ባለው መንደር ቁራሽ እለምን ነበር።