የሱፍ አበባ መሃሉ ጥቁር ነው

የመርሳዋ እትዬ ታደለች ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ፣ ባለአበባ የአልጋ ልብስ በእጃቸው ገጣጥመው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ቀይም ቢጫም ይወስዳሉ፤ ጥቁር ግን እቤታቸው አይገባም። ልጃቸው ዮናስ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ "ጥቁር መርዶ ይጠራል" ይላሉ።

ሰሞኑን አንዲት የግራና ከተማ ሙሽራ የሱፍ አበባ ያለበት አዘዘቻቸው። ለአበባው መሃል ቡናማውንም ሰማያዊውንም ሞካክረው አልሆን ሲላቸው፣ ለማንም ሳይነግሩ ጥቁር ቁራጭ አመጡ።

ትናንት ጠዋት ጎረቤታችን ሰላማዊት ወንፊት ልትመልስ ብትገባ፣ እትዬ ጓዳ ናቸው፤ መደቡ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቷል። ክው አለች። አፍ አላት፣ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ዮናስን" እያለች እየጮኸች ወጣች። እኛስ ብንሆን ማን ጠየቀ? መርዶው የመጣ መስሎን ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ደረት እየመታን ግቢያቸውን ሞላነው።

እትዬ ታደለች መርፌያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ወጡ። አንድ በአንድ አዩን። መርፌው ከእጃቸው ወደቀ።

"ልጄ መቼ ሞተ?" አሉን።